ተቀናቃኞቻቸውን ከነቴርሞሜትራቸው የጋበዙት ሳይንቲስት

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 1968። ከምሥራቅም ከምዕራብም የመጡ የፊዚክስ ሊቃውንት በሳይቤሪያዋ ኖቮሲቢርስክ ከተማ ለዓለም አቀፍ ጉባኤ ተሰብስበዋል። የሶቪየት ኅብረትን የኑክሌር ውህደት ምርምር የሚመሩት ሌቭ አርትሲሞቪችና ባልደረቦቻቸው አንድ ቁጥር ይዘው ቀረቡ። ሞስኮ በሚገኘው የኩርቻቶቭ ተቋም፣ «ቲ-3» በተባለው ቶካማክ ውስጥ፣ የኤሌክትሮኖች ሙቀት 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ደርሷል አሉ።

ቁጥሩ እውነት ከሆነ ምዕራባውያን ለዓመታት ገንዘብና ዕድሜ ያፈሰሱባቸው መሣሪያዎች በአንድ ቀን ወደ ኋላ ቀሩ ማለት ነው። እውነት ካልሆነ ደግሞ ከዚያ በፊት ተሰምተው ከቀሩት ባዶ ብሥራቶች ላይ አንድ ተጨመረ። ዘመኑ ሁለቱ ጎራዎች በኑክሌር ሚሳይል የሚፈራሩበት ነው። አንዱ ሌላውን በቃሉ ብቻ የሚያምንበት ምክንያት አልነበረም።

አርትሲሞቪች ለዚህ ጥርጣሬ የሰጡት መልስ በሳይንስም ሆነ በፖለቲካ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነው። ክርክሩን በንግግር ለማሸነፍ ከመድከም ይልቅ ብሪታኒያውያን የራሳቸውን መለኪያ ይዘው ሞስኮ እንዲመጡና በገዛ እጃቸው እንዲለኩ ጋበዙ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ የሆነው ነገር የዓለምን የውህደት ምርምር አቅጣጫ ለውጦታል። የዛሬዎቹ ግዙፍ የውህደት መሣሪያዎች አብዛኞቹ የዚያ ግብዣ ልጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

◆ «በሬ ወለደ» የበዛበት ሜዳ

ለመሆኑ ጥርጣሬው ያን ያህል የበረታው ለምንድን ነው?

የኑክሌር ውህደት ማለት ቀላል አቶሞችን አጋጭቶ አንድ በማድረግ ኃይል ማውጣት ነው። ፀሐይ የምታበራው በዚህ መንገድ ነው። ችግሩ የአቶሞች አስኳሎች ሁሉም ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ግፊያውን አሸንፈው እንዲገናኙ ጋዙ በብዙ ሚሊዮን ዲግሪ መሞቅ አለበት። በዚያ ሙቀት ኤሌክትሮኖች ከአስኳሎቻቸው ተነጥለው በነፃነት ይንቀሳቀሳሉ። ጋዙ ፕላዝማ ሆነ ይባላል። ፕላዝማን የሚሸከም ማሰሮ የለም፤ ግድግዳ ከነካ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በማግኔት ኃይል ከግድግዳው አርቆ፣ እንደተንጠለጠለ መያዝ ያስፈልጋል።

ይህ ሥራ ከባድ ነው። ከባድ ሥራ ደግሞ ቶሎ የሚነገር ብሥራት አያጣውም።

በማርች 1951 የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ሁዋን ፔሮን አገራቸው ውህደትን በቁጥጥር ሥር እንዳዋለች ለዓለም አወጁ። ሥራውን የሠሩት ሮናልድ ሪክተር የተባሉ ከአውሮፓ የመጡ ሳይንቲስት ሲሆኑ ቦታውም ሁዌሙል የተባለች የሐይቅ ደሴት ነበረች። በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ ሳይንቲስቶች ያሉበት አጣሪ ቡድን ሄዶ ሲመረምር ነገሩ «በሬ ወለደ» ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው፣ ይኸው የሐሰት ዜና አሜሪካዊውን የከዋክብት ፊዚክስ ሊቅ ሊማን ስፒትዘርን ስለ ጉዳዩ እንዲያስቡ አድርጎ «ስቴላሬተር» የተባለውን መሣሪያ አስወልዷል። የፕሪንስተን የውህደት ምርምርም የተጀመረው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ብሥራት ከእንግሊዝ መጣ። በሃርዌል የአቶም ምርምር ማዕከል «ዜታ» የተባለ ትልቅ መሣሪያ በ1957 ሥራ ጀመረ። ከፕላዝማው ውስጥ ኒውትሮኖች ሲወጡ ታዩ። ኒውትሮን የውህደት ምልክት ሊሆን ይችላል። በጃንዋሪ 1958 ውጤቱ በይፋ ተገለጸ፤ የሙቀቱ መጠን እስከ 5 ሚሊዮን ዲግሪ ተባለ። የማዕከሉ ኃላፊ ሰር ጆን ኮክሮፍት ጋዜጠኞች ሲወተውቷቸው ኒውትሮኖቹ ከውህደት መምጣታቸውን 90 በመቶ እርግጠኛ መሆናቸውን ተናገሩ። ጋዜጦቹ የቀረውን 10 በመቶ ረሱት። እንግሊዝ ሰው ሠራሽ ፀሐይ እንደፈጠረች ተጻፈ።

ወራት ሳይቆጠሩ፣ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ፣ ኒውትሮኖቹ የመጡት ጋዙ በሙሉ ስለሞቀ እንዳልሆነ ራሳቸው የሃርዌል ተመራማሪዎች አረጋገጡ። ጥቂት ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ኃይል ተወርውረው ሲጋጩ የወጡ ነበሩ። ማስተባበያ ወጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ያ የጃንዋሪ ቃል የብሪታኒያን የውህደት ምርምር ለረጅም ጊዜ ሲያሳፍረው ኖረ።

ነገሩን ይበልጥ መራራ የሚያደርገው ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ መድረሱ ነው። የሶቪየት የአቶም ፕሮግራም አባት የሚባሉት ኢጎር ኩርቻቶቭ በኤፕሪል 1956 ከኒኪታ ክሩሽቼቭ ጋር ወደ እንግሊዝ ሄደው ነበር። እዚያው ሃርዌል ውስጥ በሰጡት ንግግር፣ በሶቪየት ሙከራዎች ኒውትሮኖች መታየታቸውን፣ ሆኖም ኒውትሮን ስለታየ ብቻ እውነተኛ ውህደት ሆኗል ማለት እንደማይቻል ገልጸው ነበር።

በ1968 ኖቮሲቢርስክ ላይ ተቀምጠው የሶቪየቶችን ቁጥር የሰሙት ምዕራባውያን ይህን ሁሉ ያዩ ሰዎች ናቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

◆ የቀበሌው ገንዘብ ለስንት ሰው ይካፈላል?

ጥርጣሬው ግን የፖለቲካ ብቻ አልነበረም። ቴክኒካዊ መሠረትም ነበረው።

ሶቪየቶች ሙቀቱን በዋናነት ያገኙት በተዘዋዋሪ መንገድ ነው። ፕላዝማ ሲሞቅ በዙሪያው ያለውን የማግኔት መስክ በጥቂቱ ይገፋዋል። በቱቦው ዙሪያ ሽቦ ጠምጥሞ ያንን ለውጥ በመለካት በፕላዝማው ውስጥ ያለውን ጠቅላላ የሙቀት ጉልበት ማስላት ይቻላል። ጠቅላላውን ጉልበት በቅንጣቶቹ ብዛት ሲያካፍሉት የሙቀት መጠን ይወጣል።

ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ያለው ገንዘብ ሁሉ ተደምሮ ለነዋሪው ቁጥር ቢካፈል፣ እያንዳንዱ ሰው ደህና ገቢ ያለው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ገንዘቡ በሙሉ በሁለት ነጋዴዎች እጅ ቢሆንስ? ድምሩ ትክክል ነው፤ ማካፈሉም ትክክል ነው። የቀበሌው ኑሮ ግን ቁጥሩ የሚለው አይደለም።

በፕላዝማ ውስጥም እንዲህ ያሉ «ነጋዴዎች» አሉ። በኤሌክትሪክ መስክ ተገፍተው ከሌሎቹ ተለይተው የሚሸሹ፣ እጅግ ፈጣን የሆኑ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ጉልበቱን የያዙት እነሱ ብቻ ከሆኑ 10 ሚሊዮን ዲግሪ የሚለው ቁጥር የብዙኃኑን ኤሌክትሮኖች ሁኔታ አይገልጽም። ዜታን ያሳሳተውም የዚህ ዘመድ የሆነ ነገር ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ መሣሪያዎች ፕላዝማን የሚያፈስሱት «የቦም ቀመር» በተባለው ፍጥነት ነበር። ቀመሩ የፊዚክስ ሊቁ ዴቪድ ቦም ስም ነው። እውነቱ ያ ከሆነ ጠቃሚ የውህደት ማመንጫ መሥራት የማይታሰብ ይሆናል። በፕሪንስተን በስቴላሬተሮች ላይ ይታይ የነበረው ይኸው ነው። አንዳንዶች ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው ብለው ተስፋ መቁረጥ ጀምረው ነበር። ሶቪየቶች ግን ከ1965 ጀምሮ ቶካማክ ከዚህ ቀመር በብዙ እጥፍ የተሻለ እንደሚይዝ እየተናገሩ ነበር። ስለዚህ የሙቀቱ ጥያቄ የአንድ መሣሪያ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። መንገዱ ዝግ ነው ወይስ ክፍት የሚለውን የሚወስን ነበር።

ይህን ለመፍታት ድምሩን ሳይሆን ቤት ለቤት ሄዶ እያንዳንዱን ኪስ የሚያይ መለኪያ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለው መለኪያ በእንግሊዝ አገር ነበረ።

◆ ብርሃን እንደ ቴርሞሜትር

10 ሚሊዮን ዲግሪ ውስጥ የሚገባ ቴርሞሜትር የለም። ማንኛውም ዘንግ ይተናል፤ ፕላዝማውንም ያበላሸዋል። ሳይነኩ የሚለኩበት መንገድ ብርሃን ነው።

ኤሌክትሮንን በ1897 በማግኘት የሚታወቁት ጄ. ጄ. ቶምሰን፣ ነፃ ኤሌክትሮን ብርሃን ሲያርፍበት ያንን ብርሃን ወደየአቅጣጫው መልሶ እንደሚበትን አስልተው ነበር። ይህ «የቶምሰን ብትነት» ይባላል። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትጋረድ በጨረቃዋ ጥቁር ክብ ዙሪያ የሚታየው ነጭ አክሊል በአብዛኛው የዚህ ውጤት ነው። የፀሐይ ብርሃን በዙሪያዋ ባሉ ነፃ ኤሌክትሮኖች ተበትኖ ወደ ዓይናችን ይደርሳል።

የተበተነው ብርሃን ወሬ ይዞ ይመጣል። አምቡላንስ እየቀረበ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎ ሲርቅ ይወፍራል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ወደ ተመልካቹ የሚሮጥ ኤሌክትሮን የበተነው ብርሃን ወደ ሰማያዊው ቀለም ያዘነብላል፤ የሚሸሽ ኤሌክትሮን የበተነው ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። በ10 ሚሊዮን ዲግሪ ሙቀት ኤሌክትሮኖች በሴኮንድ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። ስለዚህ ባለ አንድ ቀለም ብርሃን ወደ ፕላዝማው ቢላክ፣ የሚበተነው ብርሃን በዚያ ቀለም ግራና ቀኝ ሰፍቶ ይታያል። ፕላዝማው ቀዝቃዛ ከሆነ ስፋቱ ጠባብ ነው፤ ትኩስ ከሆነ ሰፊ ነው። ስፋቱን መለካት ማለት ሙቀቱን መለካት ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የስፋቱ ቅርጽ ብዙኃኑን ከጥቂቶቹ ይለያል። ጉልበቱ በጥቂት ፈጣን ኤሌክትሮኖች ብቻ የተያዘ ከሆነ ብዙኃኑ ጠባብ ሆነው ይታያሉ። ሁሉም ከሞቁ ሁሉም ይሰፋሉ። ሁለት ነጋዴ ቀበሌውን ሀብታም ማስመሰል አይችልም።

ሐሳቡ የቆየ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ በላቦራቶሪ ሊሠራ ያልቻለበት ምክንያት አለ። ኤሌክትሮን ብርሃንን የሚበትነው እጅግ በጥቂቱ ነው። በቲ-3 ዓይነት ፕላዝማ ውስጥ ብርሃን አንድ ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ ከ100 ቢሊዮን የብርሃን ቅንጣቶች መካከል የሚበተነው አንድ ገደማ ነው። ከተበተነውም ወደ መቀበያው ሌንስ የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፕላዝማው ራሱ ያበራል፤ ከግድግዳው የሚያንጸባርቀው ብርሃንም ይረብሻል። በገበያ ቀን መርካቶ መሐል ቆሞ ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ያለ ነው።

መፍትሔው በሜይ 1960 መጣ። አሜሪካዊው ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ሠሩ። ከሰው ሠራሽ ሩቢ የሚወጣ፣ 694 ናኖ ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ጥርት ያለ ቀይ ብርሃን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ይህን ብርሃን አጠራቅሞ በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍልፋዮች በሚቆጠር ቅጽበት መልቀቅ ተቻለ። በዚያች ቅጽበት የሌዘሩ ድምቀት እጅግ ስለሚያይል፣ መቀበያው ለዚያች ቅጽበት ብቻ ከተከፈተ ሹክሹክታው ከጫጫታው ይለያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በዲሴምበር 2022 በአሜሪካ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ዜና የሆነው ሌዘር ነዳጁን ራሱን የሚጨምቅና የሚያሞቅ ነበር። የዚህ ታሪክ ሌዘር ግን አያሞቅም። ዳኛ ነው እንጂ ተጫዋች አይደለም።

◆ ሞስኮ የገባው ሳጥን

የብሪታኒያ የውህደት ምርምር በ1960ዎቹ ከሃርዌል ወደ ካልሃም ተዛውሮ ነበር። ካልሃም በኦክስፎርድ አቅራቢያ የሚገኝ ላቦራቶሪ ነው። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ሴባስቲያን ፒዝ ናቸው። አርትሲሞቪች ግብዣውን ያቀረቡት ለእሳቸው ነው።

የግብዣው ጊዜ መጥፎ ነበር። ጉባኤው ከተበተነ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የዋርሶ ስምምነት ታንኮች ቼኮዝሎቫኪያ ገቡ። በምዕራቡ ዓለም ቁጣው ነደደ። በዚያ ሰሞን ዘመናዊ ሌዘር ጭኖ ሞስኮ ወደሚገኝ የኑክሌር ምርምር ተቋም ሳይንቲስት መላክ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። የኩርቻቶቭ ተቋም እኮ የሶቪየት የአቶም ቦምብ የተጠነሰሰበት ቤት ነው። ለሶቪየቶችም ቢሆን የኔቶ አባል አገር ዜጎችን በዚያ በር ማስገባት ቀላል አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች ፈቀዱ። በ1968 መጨረሻ ብሪታኒያውያኑ ሞስኮ መግባት ጀመሩ። በኋላ «የካልሃም አምስቱ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው። በመጨረሻው የምርምር ጽሑፍ ላይ ስማቸው የሰፈረው አራቱ ኒኮል ፒኮክ፣ ዴሬክ ሮቢንሰን፣ ማይክ ፎረስትና ፒተር ዊልኮክ ናቸው። አምስተኛው ስም የሶቪየቱ ባልደረባቸው ሳኒኮቭ ነው። ከእነሱ ጋር በቶን የሚመዘን ዕቃ ተጓዘ፦ ሌዘር፣ ሌንሶች፣ ቀለም መለያ መሣሪያዎች፣ ደካማ ብርሃንን የሚያጎሉ መቀበያዎች።

ሥራው ፈጥኖ የሚያልቅ አልነበረም። ቲ-3 ከመሐሉ እስከ ቱቦው ማዕከል 1 ሜትር የሆነ ቀለበት ነው። በቀለበቱ ዙሪያ ግዙፍ የማግኔት ጥቅሎች ስላሉ ብርሃን የሚያስገባና የሚያስወጣ ቀዳዳ ጥቂት ነው። ሌዘሩን በጠባብ መንገድ አስገብቶ፣ ሳያንጸባርቅ እንዲጠፋ አድርጎ፣ ከጎን በኩል የተበተነውን መሰብሰብ ያስፈልጋል። ፕላዝማው ራሱ የሚኖረው ለሴኮንድ ጥቂት መቶኛ ክፍልፋይ ብቻ ነው። በአንድ የፕላዝማ ዕድሜ ውስጥ ሌዘሩ የሚተኮሰው አንዴ ነው። ስለዚህ ሙሉው ሥዕል የሚገኘው ሙከራውን ደጋግሞ፣ ጊዜውንና ቦታውን ቀስ በቀስ እያዟዟሩ በመለካት ነበር። ቲ-3 ራሱ አንድ ዓይነት ፕላዝማ ደጋግሞ የሚሰጥ ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ፍሬ ባላፈራ ነበር።

እዚህ ላይ የግብዣው ብልህነት ይታያል። አርትሲሞቪች እንግዶቹን ጠርተው የራሳቸውን መዝገብ ብቻ ቢያሳዩ ኖሮ ጥርጣሬው አይነቀልም ነበር። የሶቪየት ሌዘር አቅርበው በዚህ ለኩ ቢሉም እንደዚያው። ያደረጉት ግን ሌላ ነው። መሣሪያው የእንግዶቹ፣ አሠራሩ የእንግዶቹ፣ ንባቡም የእንግዶቹ ሆነ። የእሳቸው ፕላዝማው ብቻ ነበር። ቁጥሩ ዝቅ ቢል ኖሮ ውርደቱ በዓለም ፊት ይሆን ነበር፤ መሸሸጊያ አልተዉም።

ፒዝም ቢሆኑ በበኩላቸው አደጋ ወስደዋል። የዜታ ቁስል ገና ያልሻረለት የብሪታኒያ ምርምር እንደገና በስህተት ቢያዝ ሁለተኛ የሚያምነው አይኖርም። ደግሞም ሶቪየቶች ትክክል ሆነው ከተገኙ የካልሃም የራሱ መንገድ ወደ ጎን ሊተው ነው። በተቀናቃኝ ድል ላይ ማኅተም ለማሳረፍ መጓዝ ለማንም ቀላል አይደለም።

◆ ዜናው በስልክ

ጁላይ 1969 ዓለም ዓይኑን ጨረቃ ላይ ተክሎ ነበር። አሜሪካውያን የጠፈር ሩጫውን አሸነፉ። በዚያው ክረምት ሞስኮ ውስጥ ካሜራ የማይከታተለው ሌላ ነገር እየተጠናቀቀ ነበር። እስከ ኦገስት ድረስ ካልሃሞች ውጤት አገኙ።

የተበተነው ብርሃን ሰፍቶ ታየ። የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት እንደ ሙከራው ሁኔታ ከ100 ኤሌክትሮን ቮልት እስከ 1,000 ኤሌክትሮን ቮልት ሆኖ ተገኘ። በዲግሪ ሲመነዘር ከ1 ሚሊዮን ትንሽ ከፍ ከሚል እስከ 11 ሚሊዮን ገደማ ነው። የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። ማወዳደር በተቻለበት ሁሉ የሌዘሩ ንባብ ሶቪየቶች ቀደም ሲል በሌላ መንገድ ካገኙት ጋር ተስማማ። ሙቀቱ የጥቂት ሸሺ ኤሌክትሮኖች አልነበረም፤ የብዙኃኑ ነበር። ሶቪየቶች እውነት ተናግረዋል።

ዜናው በስልክ ካልሃም ደረሰ፤ ከዚያም በምስጢር ወደ ዋሽንግተን ተላለፈ። በበልጉ ሞስኮ አጠገብ ባለችው ዱብና በተካሄደ ስብሰባ ላይ ቀረበ። ኖቬምበር 1 ቀን 1969 ደግሞ «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ። ጽሑፉ ሦስት ገጽ ብቻ ነው። ከጥንቃቄው ብዛት አንድም የሚያስጨበጭብ ቃል የለበትም።

ከዚያ የሆነው ሩጫ ነው። የፕሪንስተን ተመራማሪዎች «ሞዴል ሲ» የተባለውን ትልቁን ስቴላሬተራቸውን ዘግተው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ቶካማክ ቀይረው በ1970 ሥራ አስጀመሩት። የሶቪየቶችን ውጤትም ራሳቸው ደገሙት። ኦክ ሪጅ የራሱን ቶካማክ ሠራ፤ ኤም.አይ.ቲ. ሠራ፤ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ጃፓን ተከተሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አገር ብቻ ታምንበት የነበረው የመሣሪያ ዓይነት የዓለም ቋንቋ ሆነ። «ቶካማክ» የሚለው የሩሲያኛ ምኅጻረ ቃልም ሳይተረጎም በየአገሩ ቋንቋ ገባ።

አርትሲሞቪች በማርች 1973 ሲያርፉ ይህን ሁሉ አይተው ነበር። ከሞስኮ ተጓዦች አንዱ የነበሩት ዴሬክ ሮቢንሰን ደግሞ በኋላ የካልሃም የውህደት ምርምር መሪ ለመሆን በቅተዋል።

◆ ሌዘሩ ያልመለሰው ጥያቄ

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ድል ተረት ብቻ ነው። እውነቱ ግን ትንሽ ይከብዳል።

የለኩት የኤሌክትሮኖችን ሙቀት ነው። ውህደት የሚፈጽሙት ግን አስኳሎች ናቸው፤ በቲ-3 ውስጥ አስኳሎቹ ከኤሌክትሮኖቹ ይቀዘቅዙ ነበር። መለኪያው «ቶካማክ ሙቀት ይይዛል ወይ?» ለሚለው መልስ ሰጠ። «ከቶካማክ ርካሽ መብራት ይገኛል ወይ?» ለሚለው አልሰጠም፤ ሊሰጥም አይችልም ነበር። ከ50 ዓመታት በላይ አልፈው ለዚያ ጥያቄ መልሱ ገና ነው።

ሌላም ዋጋ ተከፍሏል። ሁሉም ወደ አንድ መንገድ ሲሮጥ ሌሎቹ መንገዶች ጭር አሉ። ስቴላሬተር በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን ተትቶ ነበር። በጀርመን ግን ሥራው ቀጥሎ በዲሴምበር 2015 በግራይፍስቫልድ ከተማ ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ የተባለው ታላቅ ስቴላሬተር ሥራ ጀመረ። ዛሬ እንደገና ትልቅ ተስፋ የሚጣልበት ነው። ትክክለኛ መለኪያ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። ያልተጠየቀውን እንደመለሰ አድርጎ ማንበብ የአንባቢው ስህተት እንጂ የመለኪያው አይደለም።

ቢሆንም ከዚያ ግብዣ የተወለደው ነገር ትንሽ አይደለም። በካልሃም የተሠራው የአውሮፓውያን ቶካማክ «ጄት» ከ1983 እስከ 2023 ሠርቶ፣ በመጨረሻው ዓመቱ በአንድ ሙከራ 69 ሜጋ ጁል የውህደት ኃይል በማውጣት ክብረ ወሰን ይዟል። በ1985 ጄኔቫ ላይ ሬገንና ጎርባቾቭ በውህደት ምርምር ለመተባበር የተስማሙበት ሐሳብ ዛሬ በደቡብ ፈረንሳይ እየተገነባ ያለው «ኢተር» ሆኗል። በእሱ ውስጥ አውሮፓ ኅብረት፣ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ አብረው ተቀምጠዋል። ከዩክሬን ጦርነት በኋላ እንኳ የሩሲያ አባልነት አልተቋረጠም። በእነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ የኤሌክትሮኖችን ሙቀት የሚዳኘው ዋነኛ መለኪያ ዛሬም ያው የቶምሰን ብትነት ነው።

◆ ዛሬ ማን ይለካ?

ከ1969 በኋላም ባዶ ብሥራት አልቆመም። በማርች 1989 በአሜሪካ ዩታ ሁለት ኬሚስቶች በክፍል ሙቀት፣ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ውህደት መፈጸማቸውን በጋዜጣዊ መግለጫ አስታወቁ። በየአገሩ ያሉ ላቦራቶሪዎች ሊደግሙት ሞክረው አልሆነላቸውም። ልዩነቱን ማስተዋል ነው፦ ዩታዎች መጀመሪያ ካሜራ ጠሩ፤ አርትሲሞቪች መጀመሪያ መለኪያ ጠሩ።

አሁን ደግሞ የውህደት ምርምር ከመንግሥታት እጅ ወጥቶ ወደ ግል ኩባንያዎችም ገብቷል። ቢሊዮኖች ዶላር እየፈሰሰ ነው። በየጊዜው አዲስ ክብረ ወሰን፣ አዲስ ቀነ ገደብ ይሰማል። ከእነዚህ መካከል እውነተኛ ሥራ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ዜናውን የሚያነብ ሰው ፊዚክስ ባይማርም ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች ከቲ-3 ታሪክ ይገኛሉ። የተለካው ምንድን ነው? የለካው ማን ነው? ለካሁ ከሚለው ወገን ሌላ ሰው በራሱ መሣሪያ እንዲደግመው ተፈቅዶለታል ወይ?

እነዚህ ጥያቄዎች ከፕላዝማ ውጭም ይሠራሉ። በማይተማመኑ ወገኖች መካከል ቁጥር ሁሉ ጥይት ይሆናል። አንዱ ይህን ያህል ነው ይላል፤ ሌላው ውሸት ነው ይላል። ክርክሩ ስለ ነገሩ መሆኑ ቀርቶ ስለ ተናጋሪው ማንነት ይሆናል። አስታራቂ ይጠራል፤ መግለጫ ይወጣል፤ መግለጫውም ሌላ ክርክር ይወልዳል። በ1968 ሞስኮና ለንደን እርስ በርስ መዋደድ አልጠየቃቸውም። ስለ ቼኮዝሎቫኪያም መስማማት አልጠየቃቸውም። የጠየቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባለቤቱ በሩን ሊከፍት፣ እንግዳው ደግሞ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ሊናገር።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ መናገር ያስቸግራል። የራሱን ሥራ በተቀናቃኙ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ጥቂት ነው። ሚዛኑን ይዞ ሄዶ ተቀናቃኙ ትክክል እንደነበር ጽፎ የሚመለስም እንዲሁ ጥቂት ነው። በዚያ ዓመት ሞስኮ ውስጥ ሁለቱም ተገናኙ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያኔ ግን ንጋቱ የፈጠነው በሩን የሚከፍትና መለኪያውን ይዞ የሚገባ ሰው ስለተገኘ ነው።